ፍሬን ከመብጠሱ በፊት፦ የቤት መኪናን ለዓባይ በረሃ ማዘጋጀት

«ፍሬን በጥሶ ነው» ይባላል። ዓባይ በረሃ ላይ ገደል የገባ መኪና ወሬ በተነሣ ቁጥር ይህ አባባል አብሮ ይነሣል። መኪናው ወጥቶ ሲታይ ግን ሁልጊዜ የተበጠሰ ነገር አይገኝም። ቱቦው ደህና ነው፣ የፍሬን ሸራውም አላለቀም። የፈላ ነገር ነው ያለው፤ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ሆኗል፣ ወይም ሸራው ከአቅሙ በላይ ግሎ መንሸራተት ጀምሯል። ይህ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ የሚመጣ ድንገተኛ ዕጣ አይደለም። ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቀን ሥራ የሚከላከሉት ነገር ነው።

ከደጀን አፋፍ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተነሥተው 1,000 ሜትር አካባቢ ወዳለው ድልድይ ይወርዳሉ፤ ከዚያ መልሰው ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣሉ። አፋፍ ከአፋፍ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። ሰው ጭኖ 1,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 18 ሜጋጁል ገደማ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጠውን ያንኑ መኪና 35 ጊዜ አስቁሞ ማስነሣት ማለት ነው። ሁሉም ወደ ሙቀት ቢቀየር ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ይህን ሁሉ ሙቀት አራቱ ጎማዎች ውስጥ ያሉት ፍሬኖች ብቻ እንዲሸከሙት ካደረጉ ይሸነፋሉ። ንፋሱና ሞተሩ ድርሻቸውን ከወሰዱ ግን የቪትዝ ፍሬን እንኳ በምቾት ይወጣዋል።

መመሪያው ለኮሮላ፣ ለቪትዝ፣ ለያሪስ፣ ለዲዛየርና ለመሰሎቻቸው ነው። ሞተሩን ያጎለበተ፣ ሞላውን ያሳጠረ ሰው የሚጨምረው ነገር አለ፤ ወደ በኋላ ይመጣል።

የፍሬን ዘይት

ከዚህ የሚጀመረው ርካሹና በጣም የተረሳው ስለሆነ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ክዳኑ ተከፍቶ ባይታይም በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ቀስ በቀስ ይገባል። አዲስ ዶት 3 (ዶት የዘይቱ ደረጃ መለያ ነው) ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይፈላል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲስ ሆኖ 230፣ እርጥበት ጠጥቶ 155 ነው። ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180። እርጥበት የጠጣ ዶት 3 ይዞ ዓባይ መውረድ ማለት መፍያ ነጥቡ ላይ ለመድረስ ጥቂት ኩርባ ብቻ መቅረት ማለት ነው።

ዶት 3 የሚጠቀም መኪና ዶት 4 ቢሞላበት ችግር የለም፣ አንድ ዘር ናቸው። ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ነው፤ ከ5.1 ጋር በስም ቢቀራረብም ፈጽሞ አይቀላቀልም። ሱቅ ውስጥ ጠርሙሱን አገላብጠው ያንብቡ። ተከፍቶ የተቀመጠ ጠርሙስ በግማሽ ዋጋ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ።

ለሙሉ ቅየራ 1 ሊትር ይበቃል። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሥራው እንዲህ ነው፦

1. ከአንድ ቀን በፊት አራቱንም ማስተንፈሻ ቡሎኖች (ከየጎማው ጀርባ ዘይቱና አየሩ የሚወጣባቸውን) በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ዝገት የሚያላቅቅ ፈሳሽ ይርጩባቸው። የክረምት ጭቃ ያጣበቀውን ቡሎን በደረቁ ከታገሉት ይሰበራል፤ ከተሰበረ ሥራው ከአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ቀን ያድጋል። የሚፈታው በክብ ቁልፍ ነው። በክፍት ቁልፍ ከሞከሩት ጠርዙ ይላላል።

2. በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለውን ጥቁር ዘይት በመርፌ መምጠጫ አውጥተው በአዲስ ይሙሉት። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ ይጠቡት፤ ቀለም ይልጣል።

3. ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ዋና ሲሊንደር) በጣም ከራቀው ጎማ ይጀምሩ። መሪው በግራ ለሆነ መኪና የተለመደው ቅደም ተከተል የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ ነው። የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱን ይከተሉ።

4. ማስተንፈሻው ላይ ውስጡን የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ ይሰኩ፤ ሌላውን ጫፍ ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩት። ረዳትዎ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይረግጥና ይያዝ፤ እርስዎ ሩብ ዙር ይፍቱ፣ ዘይቱ ይውጣ፣ ይዝጉ፣ ከዚያ ብቻ ፔዳሉ ይለቀቅ። ከመዘጋቱ በፊት ከተለቀቀ አየር መልሶ ይስባል።

5. ከየጎማው ንጹሕ፣ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪመጣ ይቀጥሉ፤ ለአንድ ጎማ 150 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ይሄዳል። ከአምስት ርግጫ በኋላ ሁልጊዜ ማጠራቀሚያውን ይሙሉ። ባዶ ከሆነና መኪናው ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ካለው አየሩ ከውስጥ ገብቶ ይደበቃል፣ ለማውጣት የኮምፒውተር መሣሪያ ያስፈልጋል።

ያረጀ መኪና ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ረዳትዎ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ድረስ እንዳይረግጠው ከሥሩ ቁራጭ እንጨት ያስቀምጡ። በማስተሩ ውስጥ ያለው የጎማ ማሸጊያ ለዓመታት የሚመላለሰው በአንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከዚያ ያለፈው የሲሊንደሩ ክፍል ዝጎ ሊሆን ይችላል። እዚያ ድረስ ሲገፋ ጎማው ይቦጨቃል። «ዘይት ከቀየርኩ በኋላ ፍሬኔ ጠፋ» የሚሉ ሰዎች ላይ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ሲጨርሱ ሞተሩ ተነሥቶ ፔዳሉን ለግማሽ ደቂቃ ጠንከር አድርገው ይያዙት። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሸሸ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይም ማስተሩ ደክሟል። በዚያ መኪና አይወረድም።

ሸራ፣ ዲስክና ታንቡሮ

ጎማውን አውርደው ሸራውን በሁለቱም በኩል ይለኩ፤ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ የውጭውን ብቻ ማየት ያታልላል። አዲስ የፊት ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ለከተማ 3 ሚሊ ሜትር የቀረው ሸራ ገና ይሠራል ይባላል፤ ለዓባይ ግን ከ5 በታች የሆነውን ይቀይሩ። ምክንያቱ ሸራው ያልቃል ከሚል ስጋት የመጣ አይደለም። ሸራ የሙቀት መከላከያም ነው። በሳሳ ቁጥር የዲስኩ ግለት በቀጥታ ወደ ፒስተኑና ወደ ዘይቱ ያልፋል፣ ያ በስንት ልፋት የቀየሩት ዘይት ያኔ ይፈላል።

ሲገዙ የሸራውን ጠርዝ ይመልከቱ። ደህና አምራች ሁለት የላቲን ፊደል ያትምበታል። የመጀመሪያዋ ሸራው ሳይሞቅ፣ ሁለተኛዋ ሲሞቅ ያለውን የመያዝ አቅም ትናገራለች። «ኢ» ከሆነ ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ሁለቱም ፊደል «ኤፍ» የሆነበት ሸራ ለዚህ ጉዞ ይበቃል። የመጀመሪያዋ «ኤፍ» ሆና ሁለተኛዋ «ኢ» ከሆነች ሲሞቅ ይደክማል ማለት ነው፤ ይለፉት። ምንም ያልታተመበትን ደግሞ አይንኩት። ለውድድር የተሠራ ሸራም አይምረጡ፤ ቀዝቃዛ ሳለ አይይዝም፣ ማለዳ ደጀን ላይ የመጀመሪያው ኩርባ ሲመጣ ደግሞ ሸራዎ ቀዝቃዛ ነው።

ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተቀርጾ ይገኛል። በካሊፐር ሜትር ሲለካ ወደዚያ ቁጥር ከተጠጋ ይቀየር። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚያከማችበት ብረት የለውም። ተርነው የሚያሳምሩልን ባለ ሙያዎች ሥራቸው ጥሩ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ተርን ብረት ይቀንሳልና ከሥራው በኋላም ይለኩት።

ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች አውጥተው ይጥረጉ፤ የሚቀባው ለፍሬን የተሠራው የሲሊኮን ግሪስ ነው። ተራ ግሪስ የፒኑን ጎማ ያሳብጣል፣ ፒኑ ይይዛል፣ ከዚያ አንዱ ሸራ ብቻ እየሠራ ይነዳል። የኋላው ታንቡሮ (ሸራው ከውስጥ የሚጫነው ከበሮ መሰል ፍሬን) ከሆነ ከፍተው አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ አይንፉበት፣ ለሳንባ መጥፎ ነው። ሲሊንደሮው ዙሪያ እርጥበት ካለ ያፈሳል። ታንቡሮ ሲግል ይሰፋል፣ ስለዚህ ሸራው አስቀድሞ ካልተጠጋ ቁልቁለቱ መሀል ፔዳሉ ወደ ታች ይረዝማል። ጎማው በእጅ ሲዞር ጥቂት እስኪፋተግ ድረስ ያጥብቁት፣ ከዚያ በነፃ እስኪዞር ትንሽ ይመልሱት።

አዲስ ሸራ ሳይላመድ ዓባይ አይወረድበትም። ከየጥኖራና ከሉማሜ ወዲያና ወዲህ ያለው ሜዳ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ከብት መንገድ ላይ ሳይወጣ በማለዳ ይሂዱ። ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 15 ገደማ ጠንከር ባለ ርግጫ ይውረዱ፣ ሳይቆሙ እንደገና ወደ 60 ይመለሱ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ፍሬን ሳይነኩ ይሂዱና ይድገሙ። ስምንት ወይም ዐሥር ጊዜ። ከዚያ ለዐሥር ደቂቃ ፍሬን ሳያበዙ እየነዱ ያቀዝቅዙት። ሽታ ይኖረዋል፣ የተለመደ ነው። ሙሉ በሙሉ ቆመው ፔዳሉን ረግጠው መያዝ ግን የለብዎትም፤ ትኩሱ ሸራ በዲስኩ ላይ አሻራውን ይተውና መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያንን ብዙ ሰው «ዲስኩ ተጣመመ» ይለዋል።

ማቀዝቀዣ

ፍሬን ለመውረድ ነው፣ ራዲያተር ለመውጣት። ደጀን ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተር ደግሞ የሚሠራው ከ85 እስከ 100 ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ራዲያተር ውስጥ ንጹሕ ውሃ ብቻ ያለው፣ ክዳኑም ግፊት የማይይዝ መኪና ሳይታመም እንኳ ሊፈላ ይችላል። ግፊቱን የሚይዘው ክዳኑ ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ በዚያው ቁጥር ይቀይሩት። ዋጋው ከአንድ ምሳ ብዙም አይርቅም።

ኩላንቱን ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ይሙሉ። ሞተሩ እንደየመጠኑ ከ4.5 እስከ 6.5 ሊትር ይወስዳል። የጉድጓድ ውሃ የኖራ ቅርፊት ይሠራል፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘጋል። ሲሞሉ መኪናውን አፍንጫው ከፍ ባለ ቦታ አቁመው፣ የሙቀት ማስተላለፊያውን ወደ ሙቅ አዙረው፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ከቀዝቃዛ ይነሣ፤ አረፋው እስኪያቆም ይጨምሩ።

ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተው በር) ላይ ልማዱን ማረም ያስፈልጋል። መኪና ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መፍትሔ ተደርጎ ቆይቷል። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድም ይዘጋል። ካወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ የውሃው ከፊል ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል፣ ዳገቱ ላይ ሙቀቱ ይባስ ይጨምራል። ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ቤንዚን ይበላል። የተጠራጠሩትን ቴርሞስታት በድስት ውሃ ውስጥ ያሞቁት፤ ሲፈላ ካልተከፈተ ይጣል፣ ግን በቦታው አዲስ ይግባ።

የራዲያተሩን ክንፎች በብርሃን ይመልከቱ። ምሥራቅ ጎጃም ላይ ጤፍ ሲወቃ የከረመ እብቅ፣ ነፍሳትና አቧራ ከኤሲው ኮንደንሰርና ከራዲያተሩ መካከል ተጠቅጥቆ ይገኛል፤ ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ ዝግ ባለ ውሃ ይታጠብ። የእጥበት ቤቱ ከፍተኛ ግፊት ክንፉን ያጣጥፈዋል። ቬንትሌተሩን ለመፈተሽ መኪናውን አቁመው ሞተሩን ይተዉት፤ መርፌው ከመሀል ሳያልፍ መነሣት አለበት። ኤሲ ሲከፈትም ወዲያው ይነሣል።

የላስቲክ ቱቦዎቹን በጣት ጨምቀው ያዳምጡ፦ የሚንኮሻኮሽ ወይም እንደ ስፖንጅ የሚላላ ካለ ይቀየር። ቺንጊያውም ከተሰነጠቀ እንዲሁ።

ጎማና እግር

የጎማው ዕድሜ በጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ይጻፋል። 2319 ማለት በአውሮፓውያን 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ወደ እኛ ሲመልሱት 2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ አካባቢ መሆኑ ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ቢያምርም ጎማው ደርቋል። የጥርስ ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር አይነስ፣ በክረምት ከ4።

አየሩን ጠዋት፣ ሳይነዱ፣ በበሩ ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ ይሙሉ። አምስት ሰው ከሆኑ ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን ይውሰዱ። በዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ፦ ደጀን ላይ 32 የሞሉት ጎማ ድልድዩ ጋር ሲደርስ፣ የውጭው አየር ስለሚከብድ ብቻ፣ ጌጁ ላይ በ2 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ብሎ መታየት ነበረበት። ነገር ግን በረሃው ይሞቃል፣ በየ5.5 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ሁለቱ ተደማምረው ይጣፋሉ ወይም ጥቂት ያሻቅባል። ስለዚህ ከታች ለክተው «በዝቷል» ብለው አያስተንፍሱ፤ ወደ ላይ ሲወጡና ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያገኙታል።

የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ያጥብቁ። ለአብዛኞቹ የቶዮታ የቤት መኪኖች 103 ኒውተን ሜትር ነው። 50 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ይድገሙት። ጎሚስታው በእግሩ ቆሞ ያጠበቀው ዳዶ መንገድ ላይ በመኪናው መፍቻ አይፈታም፤ ይህን ቤትዎ ሳሉ ይሞክሩት።

ከዚያ መኪናውን በክሪክ ያንሡና፣ ማቆሚያ ከሥሩ ካስገቡ በኋላ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙት፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም የታችኛው ክንድ ነው። በግራና ቀኝ ይዘው ሲወዘውዙት ከተንቀሳቀሰ ቴስቲናው (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) ነው። በረሃው ውስጥ አፈሩ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይሰምጣል፣ ይቆለላል። ልል ቴስቲና ያለው መኪና እዚያ ላይ መሪውን ከእጅዎ ይነጥቃል። አሞርዛተሩ ዘይት ካረጠበው ሞቷል።

ካምቢዮና ሞተር በአጭሩ፦ የሞተር ዘይት እስከ ላይኛው ምልክት፣ ከላይ ግን አይለፍ። አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮው ዘይት ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ከጉዞው በፊት ይቀየር፤ ረጅም ዳገት የሚጨርሰው እሱን ነው። ማንዋል ከሆነ በሜዳ ላይ በአራተኛ ማርሽ ዝግ ብለው እየሄዱ ቤንዚኑን በአንዴ ይርገጡ፤ ሞተሩ ጮሆ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ካርቡሬተር ያላቸው የቆዩ ዲኤክሶች ድልድዩ አካባቢ ቆመው ሲነሡ ቤንዚኑ መስመር ላይ ይተናል። የቤንዚን ፖምፓውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ዐሥር ደቂቃ መጠበቅ ይበቃዋል።

ሞላ ያሳጠሩ፣ ቱርቦ ያስገጠሙ

ሞላው አጭር ከሆነ መኪናውን በሰው ሞልተው መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ያዙሩ። ጎማው ከውስጥ ላስቲኩን ወይም የፍሬን ቱቦውን የሚነካበት ቦታ ካለ ያኔ ይታያል። ባዶ መኪና ላይ አይታይም። ሰፊና ትልቅ ቸርኬ ክብደቱ ራሱ ለፍሬኑ ተጨማሪ ሸክም ነው፤ ለዚህ መንገድ ፋብሪካው የሰጠው ልክ ይሻላል። ቱርቦ ያለው መኪና ጎሐ ጽዮን አናት ላይ ደርሶ ወዲያው አይጠፋም፤ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፣ አለዚያ ቱርቦው ውስጥ የቆመው ዘይት ይቃጠላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በዚህ ከፍታ ላይ ካለው ጉልበት ሩብ ያህሉን አጥቷል። ስለዚህ ወደ አፋፉ በተጠጉ ቁጥር መኪናው ቢሰንፍ ታመመ ብለው አይደንግጡ፤ ለመቅደምም ያንን አስበው ይወስኑ።

ከመነሣትዎ በፊት

ከሾፌሩ እግር ሥር ምንም አይኑር። ቁልቁል ላይ የላስቲክ ውሃ ተንከባልሎ ፍሬን ፔዳል ሥር ይገባል፤ ምንጣፉም ካልተያዘ እንዲሁ። ከጣሪያ በላይ ማዳበሪያና ሻንጣ መጫን ኩርባው ላይ መኪናውን ያጋድላል፣ ከባዱ ከታች ይሁን። የሚያዘው ዕቃ፦ 5 ሊትር ውሃ፣ 1 ሊትር የሞተር ዘይት፣ ያልተከፈተ ግማሽ ሊትር የፍሬን ዘይት፣ አየር ያለው ትርፍ ጎማ፣ ክሪክና መፍቻ፣ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ከጎማ ሥር የሚሆን ሁለት የእንጨት ሽብልቅ። ድንጋይ መንገዱ ላይ ይገኛል ብለው እንጨቱን አይተዉት፤ ለጎማ የገባው ድንጋይ ሳይነሣ መንገድ ላይ ቀርቶ ከኋላ የሚመጣውን ይገለብጣል።

ከደብረ ማርቆስ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማለዳ ተነሥተው ፀሐይ ሳይከር ድልድዩን ይለፉ። በክረምት ከሆነ አፋፉ ላይ ጉም ይተኛል፣ ድንጋይም ይናዳል፤ ጉሙ እስኪነሣ ደጀን ቁርስ ይብሉ።

መውረድ

ደጀንን ሳይለቁ ማርሹን ይምረጡ። የሚወረደው በሚወጣበት ማርሽ ነው፤ ማንዋል ላይ ሦስተኛ፣ ጠባብ ኩርባዎች ላይ ሁለተኛ። አውቶማቲክ ላይ ኦቨርድራይቩን ያጥፉ፣ ከዚያ 3 ወይም 2 ላይ ያስገቡ። ሞተሩ 3,000 እስከ 4,000 ዙር ሲጮህ ብዙ ሰው «ሞተሬ ሊፈነዳ ነው» ብሎ ማርሽ ይጨምራል። አይፈነዳም፤ ቀዩ መስመር ከዚያ በጣም ይርቃል። ጩኸቱ ፍሬንዎ ሊሸከመው የነበረውን ሞተሩ እየተሸከመልዎት መሆኑ ነው።

ፎሌ አስገብቶ (ማርሽ አውጥቶ) ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ ቤንዚን ይቆጥባል የሚለው ለኢንጄክሽን መኪና ውሸት ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነው ከቤንዚን ፔዳሉ እግርዎን ሲያነሡ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይቆርጣል፤ ፎሌ ላይ ግን ሞተሩን እንዳይጠፋ ይመግበዋል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ ሁለት ሦስት ርግጫ ብቻ ይቀረዋል፣ መሪውም ይከብዳል።

ፍሬን ሲይዙ አጭርና ጠንከር ያለ ይሁን። ከ50 ወደ 35 አውርደው ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፣ ንፋስ ያግኝ። ለ5 ኪሎ ሜትር ሳይለቁ በስሱ መነካካት ከጠንካራ ርግጫ ይልቅ ያግላል፤ ሸራው ከዲስኩ ሳይላቀቅ ስለሚቆይ አየር መሀላቸው አይገባም።

ምልክቶቹን ይለዩ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው የማይይዝ ከሆነ ሸራው ግሏል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ላልቶ ወደ ታች ከወረደ ዘይቱ ፈልቷል፤ ይህኛው የባሰ ነው። በሁለቱም ማርሽ ይቀንሱ። ለሁለተኛው ፔዳሉን ደጋግመው በፍጥነት ይምቱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭነው ቀስ በቀስ ይሳቡ፣ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጎን ይጠጉ፤ ካስፈለገ ጎኑን ከግድግዳው አፋትገው ያቁሙት። ሽታ ብቻ ከሆነ ሰፊ ቦታ ላይ ወጥተው ግማሽ ሰዓት ይቁሙ። ውሃ አይድፉበት፣ ዲስኩ ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬንም አይሳቡ፤ ማርሽ ያስገቡና ሽብልቁን ይጠቀሙ።

ከኋላዎ ጭነት መኪና ጎማው እየጨሰ ቢመጣ ፊቱ ላይ አይቆዩ። ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኙ ወጥተው ያሳልፉት።

ዳገቱ

ድልድዩ ላይ አይቆሙ፤ ካለፉ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ለጥ ያለ ቦታ ይሻላል። አውቶማቲኩን ዲ ላይ አይተዉት፤ ማርሽ እየቀያየረ ራሱን ያግላል፣ 3 ወይም 2 ላይ ይያዙት። መርፌው ከመሀል ማለፍ ሲጀምር ኤሲውን ያጥፉ፣ የሙቀቱን ንፋስ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። በበረሃ ሙቀት ይህ ሥቃይ ነው፣ ግን ሁለተኛ ራዲያተር ነው። ካልወረደ ወጥተው ይቁሙ፤ ውሃው ካልፈሰሰና ቬንትሌተሩ እየሠራ ከሆነ ሞተሩን አያጥፉ። እንፋሎት ከወጣ ግን ወዲያው ያጥፉ። ክዳኑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይንኩ፤ በግፊት የተያዘው ውሃ ሲለቀቅ ፊት ላይ ይፈነዳል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መሙላት ቴስታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያጣምማል። ለብ እስኪል ይጠብቁ፣ ሞተሩ እየሠራ ቀስ በቀስ ይጨምሩ።

ከተመለሱ በኋላ

በማግስቱ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኩላንቱንና የፍሬን ዘይቱን ደረጃ ይመልከቱ። ፔዳሉ ከመሄድዎ በፊት ከነበረው ከላላ ዘይቱ በከፊል ፈልቶ አየር ትቷል፤ ማስተንፈስ ይደገም። ዳዶዎቹን ዳግም ያጥብቁ። ከዚያ ጎማ አውርደው ሸራዎቹን ይለኩና ከመነሻው ቁጥር አጠገብ ይጻፉት። በአንድ ጎማ ላይ የውስጡ ሸራ ከውጭው በ2 ሚሊ ሜትር ከሳሳ የዚያ ካሊፐር ፒን ተይዟል። ግራው ከቀኙ በግልጽ ከተለየ ደግሞ የፒስተኑን ወይም የላስቲክ ቱቦውን መዘጋት ይፈትሹ።